ፎርት ጂሰስን የፖርቱጋል ምሽግ ማለት ልክ ነው?

መንገደኛው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ጉዳይ ሞምባሳ ነበርኩ። ጉዳዬ በሁለት ቀን አለቀ፤ አውሮፕላኔ የሚነሣው ግን በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ሙቀቱ ድሬዳዋን የሚያስመሰግን ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር ወደ ፎርት ጂሰስ የገባሁት ታሪክ ፍለጋ ሳይሆን ጥላ ፍለጋ ነው። አንድ ሰዓት ብዬ ገብቼ አምስት ሰዓት ቆየሁ።

ለማታውቁት በአጭሩ። ምሽጉ በሞምባሳ ደሴት ዳር፣ ወደ አሮጌው ወደብ የሚያስገባውን ጠባብ የባሕር በር ቁልቁል እያየ በኮራል ዐለት ላይ ተቀምጧል። ሥራው የተጀመረው በ1593፣ ያለቀው በ1596 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ እንዳትጣሉኝ አደራ)። ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል የሚላኖ ተወላጅ ነው። ያሠራው ደግሞ በዚያን ጊዜ የስፔንንም የፖርቱጋልንም ዘውድ ደርቦ የጫነው ዳግማዊ ፊሊፕ ነው። የገነቡት ከሕንድ የመጡ ግንበኞችና የባሕር ዳርቻው ሰዎች ናቸው። ጣሊያናዊ ነድፎት፣ የስፔን ንጉሥ አዝዞት፣ ሕንዳዊና አፍሪካዊ ገንብቶት «የፖርቱጋል ምሽግ» ተባለ ማለት ነው።

ይሁን፣ ባንዲራው የፖርቱጋል ነበር እንበል። ግን እስኪ ሒሳቡን እንሥራ። ፖርቱጋሎች እስከ 1698 ድረስ ያዙት፤ 105 ዓመት። በመካከሉ በ1631 ተነጥቀው ለወራት አጥተውታል። ከ1698 በኋላ ተመልሰው የገቡበት ከመጋቢት 1728 እስከ ኅዳር 1729 ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ኦማኖች፣ ማዝሩ የሚባሉት የኦማን ሹማምንትና የዛንዚባር ሱልጣኖች ወደ 200 ዓመት ተቀምጠውበታል። እንግሊዞች በ1895 እስር ቤት አደረጉት፤ እስከ 1958 ድረስ፣ 63 ዓመት። በ1960 ሙዚየም ሆነ። ወደ 430 ዓመት ከሚጠጋው ዕድሜው ፖርቱጋል የያዘችው ሩቡን ብቻ ነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። አንድን ግንብ የሚሰየምለት የጀመረው ነው ወይስ የኖረበት? የታሪክ ሰዎች ካላችሁ ደግሞ ሌላም አለኝ፤ የ1631ዱን አመፅ ሳነብ አፄ ሱስንዮስ ትዝ አሉኝ። ተሳስቼ ይሆን?


የጀግና ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ፖርቱጋሎችን እንዲህ ማሳነስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ውለታ መርሳት ነው። ክሪስቶቮ ደ ጋማ 400 ሰው ይዞ በ1541 መጥቶ ለዚህች አገር አንገቱን ሰጥቷል። ወፍላ ላይ የፈሰሰው ደም ዛሬም ይጣራል። ምሽጉን የሠራ ሕዝብ ስሙ በምሽጉ ላይ ቢጠራ ምን ክፋት አለው?


መምህር ዘጎንደር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

የጀግና ልጅ፣ ውለታው አይካድም። ክሪስቶቮ በነሐሴ 1542 ተይዞ ተገደለ፤ የቀሩት ሰዎቹ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋግተዋል። ይህ በዜና መዋዕልም በፖርቱጋል መዛግብትም ያለ ነው።

ነገር ግን ያንኑ ቤተ ሰብ ከሞምባሳ በር ላይ ሆነን እንየው። የክሪስቶቮ አባት ቫስኮ ደ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በሚያዝያ 1498 ነው። እዚያ ፊት ነሡት፤ ማሊንዲ ግን ተቀበለችው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማሊንዲ ወዳጅነትና የሞምባሳ ጠላትነት የፖርቱጋል ፖለቲካ ሆኖ ቀረ። በ1505 ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ ሞምባሳን ዘረፋት፣ አቃጠላትም። በ1528 ኑኖ ደ ኩኛ ደገማት። በ1589 ለሦስተኛ ጊዜ ወደመች። በእኛ ዜና መዋዕል እንደ ታዳጊ የምናያቸው ሰዎች፣ ከእኛ ደቡብ ባለው ባሕር ዳርቻ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከተማ እየደጋገሙ የሚያቃጥሉ ነበሩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፋቅም።

ምሽጉ የተወለደውም ከ1589 ነው። ሚር ዓሊ ቤይ የሚባል የቱርክ የባሕር ዘማች ወደ ዳርቻው ወርዶ፣ ሕዝቡ ፖርቱጋልን እንዲያምፅ አነሣስቶ ሞምባሳ ላይ መሸገ። በሕንድ ካለችው የፖርቱጋሎች መናገሻ ከጎዋ የመጣው ጦር በባሕር ሲመታው፣ በዚያው ሰሞን ዚምባ የሚባሉ ተዋጊዎች ደግሞ ከየብስ በኩል ደሴቲቱን አጥቅተው ነበር። ፖርቱጋሎች ሞምባሳን ያዙ፤ የማሊንዲውን ወዳጃቸውን አምጥተው በሞምባሳ አነገሡት፤ ራሳቸው ደግሞ ከጎኑ ምሽግ አቆሙ። ይህን ምሽግ ያስገነባው የቱርክ ፍርሃት ነው። ምጽዋን በ1557 የያዘው ያው ቱርክ፣ ማለት ነው።

የሱስንዮስን ነገር ነገ እመለስበታለሁ፤ ሰፋ ይላል።


ግንበኛው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ የነገሥታቱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ ግንቡ ልናገር። መንገደኛው፣ አስጎብኚው «ምሽጉ የሰው ቅርጽ አለው» ሳይልህ አልቀረም። የሁሉም አስጎብኚዎች መግቢያ ናት። በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ይኸው ተነሥቷል፤ በዘመኑ የነበሩት የኢጣሊያ አርክቴክቶች ፍጹም መጠን የሚገኘው ከሰው አካል ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ካይራቲም ያንን ተከትሏል።

እኔ ግን የምደነቀው በሌላው ነው። ከመድፍ በፊት የነበረ ግንብ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ መሰላል እንዳይደርስበት ነው የተሠራው። መድፍ ሲመጣ ያ ቁመት መከራ ሆነ፤ ከታች ሲመታ እንዳለ ይናዳል። የአዲሱ ዘመን ምሽግ ዝቅ ብሎ ይወፍራል፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ በየማዕዘኑ ወደ ውጭ የሚሾል መድፍ ማቆሚያ ይበቅልለታል። ፎርት ጂሰስ አራት እንዲህ ያሉ ማዕዘኖች አሉት። ስማቸው ሳን ፊሊፔ፣ ሳን አልቤርቶ፣ ሳን ማቴዎስና ሳን ማቲያስ ነው። ከአንዱ ማዕዘን የተተኮሰ መድፍ የጎረቤቱን ግድግዳ ፊት ጠርጎ ያልፋል። ግድግዳው ሥር ተለጥፎ መደበቅ አይቻልም፤ ዓይን የማያየው ጥግ የለም።

አሁን ዋናውን ተመልከቱ። የባሕር ምሽግ ሲባል ሁሉም ወደ ባሕር የሚተኩስ ይመስለዋል። የዚህ ምሽግ ከባዶቹ ማዕዘኖች ግን ወደ ከተማውና ወደ የብሱ ነው የዞሩት። ካይራቲ መርከብ ብቻ አይደለም የፈራው፤ ጎረቤቱንም ፈርቷል። ማንን ለመጠበቅ ተሠራ ለሚለው ጥያቄ ንድፉ ራሱ መልስ ይሰጣል።


የኪሊንዲኒ ሰው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

እዚሁ ሞምባሳ 14 ዓመት ሆነኝ፤ ከወደብ ዕቃ አስወጪዎች ጋር ነው የምሠራው። መንገደኛው፣ ሳትደውልልን መጥተህ መሄድህ ደግ አይደለም። አበሻ እዚህ አገር ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም ነበር።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማው ሰው «ፎርት ጂሰስ» የሚለው ለቱሪስት ነው። በስዋሂሊ ምሽጉ «ንጎሜ» ነው፤ ምሽግ ማለት ነው፣ አለቀ። የፖርቱጋልም፣ የኢየሱስም ስም የለበትም። የደሴቲቱ የጥንት ስም ደግሞ «ምቪታ» ነው፤ «ቪታ» ጦርነት ማለት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ «የጦርነት ደሴት» ብለው ይፈቱታል። በዚያ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለች መምህር ነግረውናል፤ ስሙ አልበዛባትም።

ሌላም አለ። የእንግሊዝ እስር ቤት በነበረበት ዘመንም በምሽጉ አናት ላይ የሚውለበለበው የዛንዚባር ሱልጣን ቀይ ባንዲራ ነበር። ባሕር ዳርቻው በወረቀት የሱልጣኑ፣ በተግባር የእንግሊዝ ስለነበር ነው። ያ ባንዲራ የወረደው ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነጻ ስትወጣ ነው። በአንድ ግንብ ውስጥ የሱልጣን ባንዲራ፣ የእንግሊዝ ቁልፍ፣ የአፍሪካዊ እስረኛ። እንግዲህ የማን ነው በሉ!


የጀግና ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

መምህር፣ አመሰግናለሁ፤ የማሊንዲና የሞምባሳውን ጉዳይ አላውቅም ነበር። ግን ቢያንስ ይህን አትከልክሉኝ፤ ግንብ መገንባትን ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። ጎንደርን ፖርቱጋሎች ሠሯት ሲባል ነው ያደግነው። ያንኑ እጅ ሞምባሳ ላይ ማየት ደስ ይላል።


መምህር ዘጎንደር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ወዳጄ፣ ከዚህ በላይ ጎንደሬን የሚያስቆጣ ንግግር አታገኝም። ግን በቀስታ ልመልስ።

ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረገው በ1636 ነው። ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ያባረረው ከዚያ በፊት ነው። አስተማሪህን አባርረህ ቤትህን እርሱ ሠራው ማለት አይሆንም። እርግጥ ነው፣ በሱስንዮስ ዘመን በኖራ መገንባት ተለምዷል፤ ሚስዮናውያኑም ጎርጎራና ሌላም ቦታ ሠርተዋል። የሕንድ ባለሙያዎች እጅ አለበት የሚሉም አሉ። ነገር ግን የፋሲልን ግንብ ከካይራቲ ምሽግ አጠገብ አቁመህ ተመልከት። የፋሲል ግንብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልላት አለው፣ በረንዳ አለው፣ ከሩቅ እንዲታይ ነው የተሠራው። ግንበኛው የነገረን ምሽግ ግን ወደ መሬት ይጣበቃል። አንዱ «እዩኝ» ይላል፣ ሌላው «አትንኩኝ»። አንድ እጅ አልሠራቸውም።

አሁን ወደ ሱስንዮስ። መንገደኛው፣ አልተሳሳትክም፤ ነገሩ ካሰብከው በላይ ይቀራረባል።

የሞምባሳው ሱልጣን ሐሰን በ1614 ከፖርቱጋሉ አዛዥ ጋር ተጣልቶ ከደሴቲቱ ሸሸ፤ በፖርቱጋሎች ተንኮል ተገደለ። ሕፃን ልጁ ዩሱፍ ወደ ጎዋ ተወሰደ፣ በአውጉስቲናውያን መነኮሳት እጅ አደገ፣ ተጠመቀ፣ «ዶም ጄሮኒሞ ቺንጉሊያ» ተባለ። በ1626 ንጉሥ ተብሎ ወደ ሞምባሳ ተመለሰ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አቡነ አፎንሶ ሜንዴስ በሱስንዮስ ፊት የሮማን እምነት ያወጁት በዚያው በ1626 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀይ ባሕር ማዶና ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ሁለት የካቶሊክ ነገሥታት!

ዶም ጄሮኒሞ በአዛዦቹ ንቀት ተንገፈገፈ። ሌሊት በድብቅ ወደ አባቱ መቃብር ሄዶ በእስልምና ሥርዓት እንደሚጸልይ ወሬ ደረሳቸው፤ ወደ ጎዋ ልከው ሊከሱት ሲሉ ቀደማቸው። ነሐሴ 16 ቀን 1631 ሰዎቹን ይዞ እንደ ወትሮው ለሰላምታ ወደ ምሽጉ ገባና አዛዡን ፔድሮ ሌይታኦ ደ ጋምቦዋን በጩቤ ገደለው። ከዚያ በከተማው ያሉት ፖርቱጋላውያንና ከእነርሱ ጋር የተጠመቁ የአገሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ይህን ጀግንነት ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሴትና ሕፃን አልተለየም። በጥር 1632 ከጎዋ የመጣው ጦር ምሽጉን ከብቦ አልቻለውም፤ ተመለሰ። ዩሱፍም ሌላ ጦር እንደሚመጣ አውቆ በግንቦት 1632 መርከብ ይዞ ወጣ፤ የባሕር ሽፍታ ሆኖ ቀረ። ፖርቱጋሎች ባዶ ምሽግ ተረከቡ።

በቀጣዩ ወር፣ በሰኔ 1632፣ ሱስንዮስ በአዲሱ እምነት ካመፁባቸው ሰዎች ጋር እዚያው ወይና ደጋ ላይ ከተዋጉበት እልቂት በኋላ «የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል» የሚለውን አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለፋሲል ለቀቁ። አንዱ በግንቦት፣ ሌላው በሰኔ። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የወደቀባቸው ሸክም ግን ከአንድ መጋዘን የወጣ ነው።


እሙ ሐረር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

መምህር፣ እጅዎን ይባርክ። አንድ የማይመቸኝ ነገር ግን አለ። የሱስንዮስ ጉዳይ የሕዝብ ጦርነት ነበር፤ ሺዎች ያለቁበት። የዩሱፍ ግን የአንድ ቤተ መንግሥት ቂም አይመስልም? አባቱን የገደሉበት ልጅ ነው። ሃይማኖቱ ምክንያት ነው ወይስ ልብስ?


መምህር ዘጎንደር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ

እሙ ሐረር፣ ልክ ነሽ፤ ያቀረብኩት ትንሽ አሳምሬ ነው። ልብስ ነው ባልልም ከቂሙ መነጠል አይቻልም። ሁለቱን የሚያገናኘው የዓመቱ መገጣጠም ብቻ ሳይሆን መንገዱም ነው። ምጽዋ በቱርክ እጅ ስለነበር ኢየሱሳውያኑ ወደ ሱስንዮስ የሚገቡበት ሌላ በር ይፈልጉ ነበር። ጄሮኒሞ ሎቦ በ1624 እዚያው ከሞምባሳ በስተሰሜን ካለችው ከፓቴ ደሴት ተነሥቶ በየብስ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሞክሯል። አልሆነለትም፤ በኋላ በደንከል በኩል ነው የገባው። ስለዚህ ሞምባሳና የሱስንዮስ መናገሻ ደንቀዝ በአንድ ካርታ ላይ የተቀመጡት በእኔ ምኞት አይደለም፤ በእነርሱ ዕቅድ ነው።


መንገደኛው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

አሁን ገባኝ። ከበሩ በላይ ያለውን የድንጋይ ጽሑፍ ፎቶ አንሥቼ ነበር፤ የተቀረጸው በ1639 ነው። ፍራንሲስኮ ደ ሴይሻስ ካብሬይራ የሚባል ሰው በ27 ዓመቱ የምሽጉ አዛዥ ሆኖ እንደተሾመ፣ እንዳደሰው፣ የባሕር ዳርቻውን ነገሥታት አንድ በአንድ እየጠራ እንዳስገበረና እንደቀጣ ይዘረዝራል። ስቆም የመሰለኝ ተራ ጉራ ነበር። ከዩሱፍ በኋላ የተጻፈ መሆኑን ሳውቅ ግን የፈራ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።


እሙ ሐረር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ስለ ትልቁ ከበባ ማንም ሳያነሣ ሊያልፍ ነው እንዴ? የክሩ ጥያቄ መልስ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ኦማኖች ፖርቱጋሎችን ከመስከት ያባረሩት በ1650 ነው። ከዚያ በኋላ የባሕር ዳርቻው ሕዝብ «ከእነዚህ ገላግሉን» እያለ ይጠራቸው ነበር። በመጋቢት 1696 መጥተው ፎርት ጂሰስን ከበቡ። ውስጥ የነበሩት ፖርቱጋላውያን ወታደሮች ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው። የቀሩት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ከእነርሱ ጋር ያበሩ ስዋሂሊዎችና ሌሎች አፍሪካውያን፣ ከሴት ከልጆቻቸው ጋር ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው የተሳሳተ ሥዕል እዚህ ይፈርሳል። ሙስሊም በሙስሊም ላይ፣ አፍሪካዊ በአፍሪካዊ ላይ ነው የተሰለፈው። የፋዛ ሰዎች ከምሽጉ ውስጥ ሆነው ሲዋጉ የፓቴ ሰዎች ከውጭ ነበሩ። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤታሞች ናቸው፤ የድሮ ጠብ ነበራቸው።

በ1696 መጨረሻ ከጎዋ እርዳታ ደረሰ። ግን ከእርዳታው ጋር፣ ወይም ከኋላው፣ ወረርሽኝ ገባ። በ1697 ክረምት ፖርቱጋላውያኑ አንድ በአንድ አለቁ። አዛዡ አንቶኒዮ ሞጎ ደ ሜሎ በነሐሴ መጨረሻ ሞተ። ምሽጉን ማን ያዘው? የፋዛው ሼኽ ዳውድ። አብረውት የነበሩት ከቤተ ዘመዱ 17 ሰዎች፣ ስምንት አፍሪካውያን ወንዶችና 50 ያህል አፍሪካውያን ሴቶች ናቸው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። በዚያ ግድግዳ ላይ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ይበዙ ነበር፤ ዘብ የቆሙትም የተዋጉትም እነርሱ ናቸው። የ27 ዓመቱ አዛዥ ስም በድንጋይ ተቀርጿል፤ ከእነዚህ 50 ሴቶች የአንዷን ስም የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በመስከረም 1697 ሌላ እርዳታ ደረሰና ከበባው ቀጠለ። የወደቀው ታኅሣሥ 13 ቀን 1698 ነው፤ 33 ወር ከተከበበ በኋላ። ያን ሌሊት ኦማኖች ግድግዳውን ሲወጡ ሊቋቋሟቸው የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእርዳታ መርከቦች ከጎዋ መጡ፤ በምሽጉ ላይ የኦማንን ባንዲራ አይተው ተመለሱ።


የኪሊንዲኒ ሰው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

እሙ ሐረር ያነሣችው የመስከረሙ እርዳታ አንድ ቅሪት እዚህ አለ። «ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና» የምትባለው የጦር መርከብ በዚያ እርዳታ መጥታ በ1697 ከምሽጉ ሥር ሰጠመች። 42 መድፍ የምትጭን፣ ሕንድ ባሳይን ላይ የተሠራች መርከብ ናት። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጠላቂ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ለዓመታት እየወረዱ ዕቃዋን አወጡ። መንገደኛው፣ በሙዚየሙ ክፍል ያየኸው የሸክላ ማሰሮና የመድፍ ክፍል አብዛኛው ከእርሷ ነው። ቀፎዋን ለክተው እዚያው አሸዋ ውስጥ መልሰው ቀበሯት። በየቀኑ ጀልባ በላይዋ ያልፋል፤ አሁን ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ቦታዋን ያውቃል።


ግንበኛው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

33 ወር! እኔ የምጠይቀው ውሃ ከየት አገኙ ነው። በኮራል ዐለት ላይ ምንጭ የለም፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ነው ያቆያቸው። ጎብኚዎች አንድ አፍታ አይተውት ያልፋሉ። እኔ ብሆን ከመድፎቹ በፊት እርሱን ነበር የማሳየው። ከበባ የሚሸነፈው በግድግዳ ሳይሆን በጉሮሮ ነው።


የጀግና ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

እሺ፣ ተሸነፍኩ፤ ቢያንስ በግማሽ። ግን ኦማኖችስ «ገላግሉን» ተብለው መጥተው መች ገላገሉ? ባሪያ ፈንጋዩ ማን ነበር?


እሙ ሐረር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጥያቄህ ተገቢ ነው። አልገላገሉም። የጋበዛቸው ሕዝብ ብዙም ሳይቆይ ተማሮባቸው ነው ፖርቱጋሎች በ1728 መመለስ የቻሉት፤ እነርሱም ያው ሆነው በ1729 በዚያው ሕዝብ ተባረሩ። ከዚያ የኦማን ሹማምንት የነበሩት ማዝሩዎች ከ1740ዎቹ ጀምሮ ለራሳቸው ገዙ። በ1746 የኦማኑ አዲስ ሥርወ መንግሥት ገዢውን መሐመድ ቢን ዑስማንን በምሽጉ ውስጥ አስገደለ፤ ወንድሙ ዓሊ አምልጦ ተመልሶ ምሽጉን ነጠቃቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ1824ቱ ነው። ማዝሩዎች የኦማኑን ሰይድ ሰዒድን ፈርተው የእንግሊዝ ባንዲራ ሰቀሉ። በአጋጣሚ የደረሰው የእንግሊዝ ካፒቴን ዊልያም ኦውን የባሪያ ንግድ ይቁም ብሎ አስማምቶ፣ ለንደንን ሳያስፈቅድ ጥበቃውን ሰጣቸው። የተወው ወጣት መኮንን በዚያው ዓመት በወባ ሞተ። ለንደንም በ1826 አይሆንም ብላ ባንዲራዋን አነሣች። ሰይድ ሰዒድ በ1837 ምሽጉን ያዘ፤ የማዝሩ መሪዎችም ታስረው ወደ ሩቅ ተጋዙ።

የመጨረሻው የመድፍ ውሎ በጥር 1875 ነው። የምሽጉ አዛዥ አል አኪዳ በዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ ላይ ሲያምፅ፣ ለሱልጣኑ ሲሉ የደበደቡት ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ያኔ ታውቆ ነበር።


አያታቸው ዘማች | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ክሩ በ1875 ሊያበቃ ሲል አላስችል አለኝ።

አያቴ ጣሊያን ሲገባ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ከተሰደዱት አንዱ ነበሩ። መጀመሪያ ኢሲኦሎ፣ በኋላ ታቬታ በተባለው መጠለያ ሰፈር ነበሩ። ታቬታ ከሞምባሳ ወደ ኪሊማንጃሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በዚያ ከሰፈሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ሥልጠና ወስደው አገራቸውን ሊያስለቅቁ ተመልሰዋል፤ አያቴም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። በ1940 የደቡብ አፍሪካ ጦር በሞምባሳ ወደብ ሲራገፍ እንዴት እንደተወራ ይነግሩን ነበር፤ «መኪናው አያልቅም አሉ» ይሉ ነበር። የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በየካቲት 1941 ኪስማዩን፣ በዚያው ወር መጨረሻ ሞቃዲሾን፣ ሚያዝያ 6 ቀን ደግሞ አዲስ አበባን የያዘው በዚያ ወደብ ስንቅ ነው። በ1942 ጃፓኖች ሲሎንን ሲደበድቡ የእንግሊዝ የምሥራቅ መርከቦችም ሸሽተው የመጡት ወደ ኪሊንዲኒ፣ ወደ ሞምባሳ አዲሱ ወደብ ነው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ምሽጉ ምን ነበር? እስር ቤት። መድፍ በአውሮፕላን ዘመን ምን ይሠራል። ዓለም በአዲሱ ወደብ በኩል ሲተራመስ አሮጌው ግንብ እስረኛ ይቆጥር ነበር። አያቴ ስለ ሞምባሳ ሲያወሩ ስለ ምሽጉ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ያስታወሱት ማንጎ ነው።


መንገደኛው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

አያትዎን ነፍስ ይማር። ማንጎው ዛሬም ያው ነው።

የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ አሥር ይዤ ልሄድ ነው። ለግንበኛው ያህል፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን እኔም ካለፉት አንዱ ነኝ። ለእሙ ሐረር ደግሞ ስም ባላገኝም አንድ ነገር አለኝ። ትናንት ማታ ፎቶዎቼን ሳገላብጥ፣ ከአንዱ የማዕዘን ግንብ ተነሥቶ በሙዚየሙ የተቀመጠውን የግድግዳ ሥዕል አየሁ። ዘብ ቆመው የሰለቹ ወታደሮች በከሰልና በቀይ አፈር የጫሩት ነው። በፍጥነት ነው ያነሣሁት፣ ደብዝዟል። መርከብ አለ፣ ብዙ መርከብ። ሰዎች አሉ። ዓሣ አለ። ከታች በኩል ደግሞ ምን እንደሆነ ያልገባኝ እንስሳ አለ፤ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና «አባዬ፣ እስስት ናት» አለችኝ። አጉልቼ አየሁት። እስስት ናት።

የኪሊንዲኒ ሰው፣ ቡናው ዕዳ ሆኖብኛል፤ በሚቀጥለው ወር ተመልሼ እመጣለሁ። ምሽጉ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?


የኪሊንዲኒ ሰው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ጠብቀኝ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ።